ፈረስ የወጣለት ፈረሰ

ዳርሃን ብርዱ ሲገባ፣ መስኮቱ በውርጭ ታውሮ፣
ሠላሳ ሁለት ተማሪ፣ ካፖርቱ ውስጥ ተቀብሮ፣
ስለ አቶም መፍረስ ባወራ፣ ማዛጋት ብቻ አተረፍኩ፤
ቢቸግረኝ ግድግዳው ላይ፣ የነጥብ ሰንጠረዥ ሰቀልኩ፦
ለትክክል መልስ አምስት፣ ለጥሩ ጥያቄ ሦስት፣
ለሳምንቱ አንደኛ ደግሞ፣ የወርቅ ወረቀት ኮከብ በደረት።

ክፍሉ ነቃ። እጅ በዛ። ኦዩንጌሬል ሽቅብ ወጣች፣
መቶ አርባ ነጥብ ላይ፣ እንደ ንስር ተቀመጠች።
ቴሙሌን ግን ከታች ነው፤ ከሁሉም በታች፤ ሰባት።
(እሷንም ያገኛት፣ ሰሌዳ ስላጸዳልኝ ናት።)

በጥር አጋማሽ አንድ ቀን፣ የበግ ቁርጭምጭሚት በከረጢት፣
የሞንጎል አያቶች ብርዱን የገፉበት፣ ባለ አራት ፊት፦
ፈረስ፣ ግመል፣ በግ፣ ፍየል።
«ሁላችሁም አቶም ናችሁ፤ ቁሙ» አልኩ፣ «ወርውሩ እኩል፤
ፈረስ የወጣለት ፈረሰ፤ ይቀመጥ።»
ሰሌዳው ላይም ጻፍኩ፦ አራት ፊት ነው፤ ከአራት አንድ፤
ለስላሳ መስመር ሠራሁ፣ በፍጥነት ቁልቁል የሚወርድ።

ወረወሩ።
ሦስት ተቀመጡ።
ወረወሩ። ሁለት።
እንደገና። አራት።
ሃያ ሦስቱ አቶሞቼ፣ እየሳቁ እንደ ቆሙ፤
በእኔ መስመር ግን ገና ድሮ፣ ከእኩሌታ በላይ በከሰሙ።

«አጥንቶቹ ተበላሽተዋል» አለች ኦዩንጌሬል፣ «ይደገም።»
ነጥቧን የምትወድ ልጅ፣ የተበላሸ ቀን አትወድም።

ከማሞቂያው ጥግ ቴሙሌን፣ እጁን ሳያወጣ ተናገረ፦
(በሕጌ መሠረት ይህ፣ ሁለት ነጥብ ያስቀጣ ነበረ)
«መምህርት፣ አጥንት ሳንቲም አይደለም፤
ፈረስ በጠባብ ጎኑ ካልሆነ አይቆምም።
በግ ጀርባው፣ ፍየል ሆዱ ነው፤ መተኛት ይቀለዋል።
አምና በረዶ መንገድ ሲዘጋብን፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ተጽፏል፦
ከአምስት መቶ ውርወራ፣ ፈረስ ሃምሳ ሦስት።»
ደብተር አወጣ ከኪሱ፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት።
«ለምን ቆጠርክ?» አልኩት፣ ደብተሩን እያገላበጥኩ።
«ዝም ብዬ። ደስ ስላለኝ።»

ከአራት አንድን አጠፋሁ፤ ጣቴ ላይ ጠመኔ ቀረ፤
ከአሥር አንድ ስጽፍ፣ መስመሩ፣ ከቆሙት ጋር ሰመረ።

ደወሉ ጮኸ። ሁሉም ወደ ሰንጠረዡ ዞሩ፣
ስንት ትሰጠው ይሆን ብለው፣ በጣት እየቆጠሩ።
እስክሪብቶ ይዤ ቆምኩ።
ለመልስ አለ። ለጥያቄ አለ። ለማሸነፍም ዓምድ አለ።
ማንም ሳያየው ሌሊቱን፣ አጥንት ሲቆጥር ለዋለ፣
ደስ ስላለው ብቻ፣
የለም።

ቴሙሌን አጥንቶቹን ለቅሞ፣ ወደ ከረጢት ሲመልስ፣
አንዷ ከእጁ አምልጣ፣ እግሬ ሥር ወደቀች፤ ፈረስ።

ሕግ ሕግ ነው።
ተቀመጥኩ።