በረዶው እስኪያወራ

ክረምት ሲገባ በሱናምጋንጅ መሬት የሚባል ነገር የለም፤
ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኖ፣ መንደር ደሴት፣ ጀልባ ዓለም።
የክትባት ሣጥኔን በጉልበቶቼ መሃል አጥብቄ ይዤ
ስድስት ዓመት ቀዘፍኩ፤ ስድስት ክረምት ተጉዤ።

የፊተኛው ተቆጣጣሪ ከሞተር ጀልባው አይወርድም ነበር፤
እዚያው ቆሞ ይጮኻል፦ «ሞርጂና! ለምን አነሰ ቁጥር?»
በቀይ እስክሪብቶ ሠርዞኝ፣ ማዕበሉን ትቶልኝ ሲመለስ
ተማርኩ ከእሱ አንድ ነገር፦ እውነትን በቁጥር ማልበስ።

ዘንድሮ ሌላ ሰው መጣ። ቢማል ባሩዋ ይባላል።
ጫማውን አውልቆ ጀልባዬ ገባ፤ የቋጠረችውን ውሃ በጣሳ ይጨልፋል።
«ማታ የት ነው የምታድሪው?» አለኝ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።
ዝም አልኩ። ውሃው መቅዘፊያዬን ሲልሰው እንጂ ሌላ አይሰማም።

ከዚያ፣ ለምን እንደሆን እንጃ፣ ሣጥኑን ከፈትኩለት፤
ከታች የሸሸግኩትን፣ የተረፈኝን አንድ ብልቃጥ ሰጠሁት።
«ሰኞ ዕለት በረዶ ይዟቸው ነበር፤ አይቼ ዝም ብያለሁ፤
ቁጥር እንዳይጎድል ብዬ፣ ዘጠኝ ልጅ ወግቻለሁ።»

ቀይ እስክሪብቶ ጠበቅሁ።
አላወጣም።

ሌላ ብልቃጥ አነሣ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ናጠ፤
ሳንቃው ላይ አቁሟቸው፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።
ደህናው እንደ ወተት ደፍርሶ ቆየ፤ የኔው ግን ወዲያው ጠለለ፣
ከታች ነጭ ዝቃጭ፣ ከላይ የምንጭ ውሃ እየመሰለ።
«አየሽ» አለኝ፤ «ጥራቱ አያታልልሽ፤ የጠራው ነው የሞተው።»
ከዚያም አንዱን የበረዶ ጥቅል አንሥቶ ከጆሮዬ አስጠጋው፦
«ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አትጫኚው። ላብ እስኪያልበው ጠብቂ፤
ወዝውዢው፤ ውስጡ ሲንቦጫቦጭ ስትሰሚ፣ ያን ጊዜ መድረሱን እወቂ።
እኔም ጀማሪ ሳለሁ...» አለና፣ ቀሪውን ለውሃው ተወው።
ከተናገረው ሁሉ ይልቅ፣ ያልጨረሰው ነው ልቤን ያሳረፈው።

በማግሥቱ ጎሕ ሳይቀድ በረዶውን ከጆሮዬ አስጠጋሁ፤
ውሃው እስኪያወራኝ ድረስ ገመዴን ሳልፈታ ቆየሁ።
ዘጠኝ ደጅ ነበረብን፤ ለዘጠኝ እናት እውነት መንገር።
ሣጥኑን እሱ ተሸከመ፤ መናገሩ የኔ ነበር።
ሁለቱ በራቸውን ዘጉ። አንዷ፣ ጁሌካ፣ አየችኝ አየችኝና ሳቀች፤
«ስሕተቷን ነግራ የምትወጋ፣ ዛሬ ገና አየሁ» አለች።
ልጇን አቅፋ ያዘችልኝ፤ ጭኑን ጠርጌ ወጋሁት።

የወሩ ቁጥሬ አነሰ።
እንዳነሰ ነው የጻፍኩት።