ደጅ ጠኚዎች

በሊየፓያ ወደብ፣ ከመጋዘን ጓዳ፣
ያረጀ ሰርቨር አለ፣ ተደግፎ ግድግዳ።
ጎረቤቱ ሬንጅ፣ የዓሣ በርሜል፣ ገመድ፤
ክረምት ሲገባ ግን እሱ ነው የሚነድ።
የመርከብ ጸሐፊ፣ የጉምሩክ ሠራተኛ፣
የመቶ አርባ ሰው ፖስታ፤ እኔ ነኝ በረኛ።

ደጅ ጥናት በጥንቱ እግር ያሳብጥ ነበር፤
ዛሬ ግን ሰው ሁሉ፣ ሳይነሣ ከወንበር፣
ማሽኑን ይልካል፦ «አለ ወይ ደብዳቤ?»
«የለም።» አሥር ሰከንድ። «አለ ወይ ደብዳቤ?»
«የለም።» ሌላ አሥር። «አለ ወይ ደብዳቤ?»
«የለም» ስል እውላለሁ፣ እስኪነጥፍ ልቤ።

ኤድጋርስ ከሒሳብ ክፍል፣ በየደቂቃው ነው፤
ዚግሪዳ ከጭነት፣ በየግማሹ ነው፤
አለቃው በሁለት ስልክ፣ በሦስት ኮምፒውተር፣
አንዲቷን ጥያቄ በአምስት አፍ ሲዘረዝር፣
ዲስኩ አስም እንደያዘው ሲያቃስት ያድራል፤
የሚመጣው ደብዳቤም ከወረፋው መሃል
መግቢያ አጥቶ ይቆማል።
እንዲህ ነው ነገሩ፤ መንገዱን የዘጋው
«መጣ ወይ?» እያለ በር ላይ የሚጋፋው።

ማስታወቂያ ጻፍኩ፣ በለዘበ ቃል፦
«በሩብ ሰዓት አንዴ ማየት ይበቃል።»
ማንም አላነበበው። በፖስታ ነው የላክኩት፤
ፖስታ መጣ ብለው ሲሮጡ፣ እሱን ዘለሉት።
ደግሜ ጻፍኩና አከበድኩት ቃሌን፤
በሦስተኛው ግን ሰበሰብኩ ምላሴን።
ቶሎ ለሚመለስ በሩን አዘገየሁ፤
ትዕግሥት ያልገዛውን ትዕግሥት አስገዛሁ፤
ላንዱ ሠላሳ ሰከንድ፣ ላንዱ ሁለት ደቂቃ፣
ለዚግሪዳም አራት፣ እስክትል በቃ በቃ፤
ለአለቃው — ምን ልዋሽ — ቀነስ አረግኩለት፤
ደሞዜ በእጁ ናት፤ እኔም አለኝ ሥጋት።

መዝገቡን ሌሊት ላይ ገልጬ ሳጣራ፣
አንድ ስም ተሰልፏል እንደ ጉንዳን ጭፍራ፦
ስካይድሪቴ፣ ከደሞዝ ክፍል፤ በየአምስት ሰከንዱ፤
በቀን አሥራ ሰባት ሺህ፤ አያልቅም ጉዱ፤
በዓል የለ፣ እሑድ የለ።
ልቀጣት ወሰንኩ። ጠዋት ደወልኩላት።
«ወይዘሮ፣ ምን ያስቸኩላል?» ስል ጠየቅኳት።
ዝም አለች። ከመስኮቱ ውጭ ክሬኑ ሲያንቋርር ይሰማል።

«እህት አለችኝ፣ ክላይፔዳ። የእናታችን ቤት ሲሸጥ
ተጣላን። ለአንድ ምድጃ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
ባለፈው ኅዳር ጻፍኩላት፣ አራት መስመር።
ማሽኑን ያፈጠነልኝ የጎረቤት ልጅ ነው፤
እኔማ ቶሎ ቶሎ ሲጠይቁት
ቶሎ የሚመጣ መስሎኝ።»

ልጽፍ የነበረውን ዋጥኩት በዝምታ፤
ሌላ ውል ሰጠኋት፣ በጥያቄው ፋንታ፦
«አይጠይቁ ዳግም፤ ደጁ ላይ ይቀመጡ፤
ክሩን ያዙት ብቻ፣ አንድ ቃል ሳያወጡ፤
የመጣ ለታ እኔ እጎትተዋለሁ።»
ለቀሩትም ሁሉ አንዳንድ ክር ሰጠሁ።
ዲስኩ እፎይ አለ።

መጋቢት ላይ ነበር፣ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ፣
ከክላይፔዳ መጣ፣ በሽቦው መንገድ፣
ሁለት ኪሎባይት። ስንት ቃል ይሆናል?
ይቅርታ? እርግማን? በረኛ ምን ያውቃል፤
ማንበብ ነውሬ ነው። ክሩን ሳብኩላት፤
«አለ» አልኩ፤ ክረምቱን ያንን ቃል ነፍጌያት።

ማሽኗ በርቷል። መቀመጧን አውቃለሁ፤
በመዝገቡ በኩል ትንፋሿን እሰማለሁ።
ሦስት ሰዓት ሆነ። ስድስት። ዘጠኝ።
አንድ መርከብ ገባ። ኤድጋርስ ሊሰናበተኝ
ብቅ አለ፣ ሄደ። መሸ።
በቀን አሥራ ሰባት ሺህ ጊዜ በሬን ያንኳኳች፣
ዛሬ ተከፍቶላት፣
ደጁ ላይ ቀረች።