አንቀልባ

ዛሬም አዝለህ አየሁህ፣ ይመር፣ ከጎሊና ማዶ፤
አሥራ ስድስት ሊትር፣ ማንገቻው ተበጥሶ በሲባጎ ተገምዶ።
ጎንበስ ቀና ስትል በሽንኩርቱ መደብ፣
የሽርጥህ ዘርፍ አፍህን ሲሸብብ፣
መርጫው ያንጠባጥባል፤ ጀርባህን ያርሳል፤
ልክ እንደ ሕፃን ሽንት ወገብህ ይደርሳል።
ከሩቅ ላየህማ
ልጅ ያለህ ትመስላለህ።

የኔ አንቀልባ ከሣጥን ነው፤
እናቴ ከወረባቦ፣ ዛጎሉን ደርድራ የላከችው።
አራት ጊዜ አወጣሁት፣ አራት ጊዜ አጠፍኩት፤
ቆዳው ደርቆ ሲሰነጠቅ ዝም ብዬ አየሁት።

ሾተላይ ነው አሉ።
ክታብ አሰርኩ፤ ገብስማ ዶሮ ራሴ ላይ ዞረ፤
ሸኹ ዱዓ አረጉ፤ ሦስተኛው አምስት ወር ኖረ።
ከዚያ ሽንኩርቱን ተባይ መታው፤
አንተ ማታ ማታ ሸሚዝህን ወረወርክልኝ፣
እኔ በባዶ እጄ አሸሁት፣
ውሃው እንደ ወተት ነጣ።
በሳምንቱ ሌሊት ደሜ መጣ።

የጤና ኬላዋ ልጅ መዝገቧን ገልጣ
ወባ ይዞሽ ያውቃል? አለች፤ ስኳርስ? ግፊትስ?
የማንን ሸሚዝ እንደማጥብ ግን
የሚጻፍበት መስመር አልነበራት።

መድኃኒት ትለዋለህ። አገሩ ሁሉ መድኃኒት ይለዋል።
ትሉ ይረግፍበታል፤ ንቡም አብሮ ይረግፋል።
ባዶ ጀሪካኑን ሦስቴ በአመድ አጥቤ ውሃ ቀዳሁበት፤
ፊደል አልቆጠርኩም፣ የራስ ቅል ግን አየሁ ጎኑ ላይ ታትሞበት።
እሱን ለማንበብ ማን ተማሪ ቤት ገባ?

እኔ እንጃ። ሾተላይም ይሆናል፤ አላህ ያውቃል።
ግን ሾተላይ ከሆነ ለምን የመስኖ ወር ይጠብቃል?
ለምን ሰዓዳ ቤት ገባ፣ ለምን ዘምዘም ቤት፣
ቦይ ከሚያዋስነን፣ ነፋስ ከሚያገናኘን ቤት?

አትርጭ አልልህም። የነጋዴው ብድር አለ፤
መኪናው ቆቦ ቆሞ ሽንኩርታችንን ይጠብቃል፤
አንድ ሌሊት ከታለፈ መደቡ ያልቃል።
እኔም እኮ አርሜዋለሁ፣
ሁለተኛው ሆዴ ሳለ፣ ቅጠሉ ገና እርጥብ ሳለ፤
እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ቂጣ በልቻለሁ።

ሁለት ወር አልፎኛል። አልነገርኩህም።
ሸሚዝህ ቁልቋሉ አጥር ላይ ነው፤ አላጠብኩትም።
ትቆጣ ይሆናል። ተቆጣ።
ግን ያዘልከውን ከደጅ አውርድ፤
ገላህን ታጠብ፤ ጀርባህን ባዶ አርገህ ግባ።
ትናንት፣ አንተ ማሳ ሳለህ፣
አንቀልባውን ቅቤ ቀባሁት።