ጎረቤት ጣት

ከምሽቱ አምስት ሰዓት፣ ፈረቃው ሊወጣ፣
የሽመና ክፍል በር በንፋስ ተገፍቶ ተመልሶ ሲመጣ፣
የቀለበት ጣቴ ከበሩና ከመቃኑ መሃል ነበረች።
አልጮኽሁም፤
ማሽኗ በኔ ፈንታ ስትጮኽ አመሸች።

«እስቲ አንቀሳቅሺያት» አለችኝ መሬማ፣
«ከተንቀሳቀሰች አልተሰበረችማ!»
አንቀሳቀስኳት። እሺ አለች፣ እያመማት።
እኛም ተስማማን፤ ውሸቷን አመንናት።

ሌሊቱን አበጠች። መጀመሪያ ቀላች፣
ጎህ ሲቀድ ጠቆረች፣
ቦርከና ዳር ወድቆ ፀሐይ እንደ መታው የበለስ ፍሬ
ቆዳዋ ተወጥሮ።
ጠዋት ወደ መናኸሪያው ጀርባ፣ ወደ አያ እብሬ።

ወጌሻ ነው። ቅቤው ከመስኮቱ አለ፣
የቀርከሃ ስንጥቅ ጥጉን ይዟል።
አላሸኝም ግን፤
ሳሙና አስመጣ። «ቀለበቱ ይቅደም፣
እብጠት ከበረታ ብርሽ ገመድ ይሆናል» አለ፣
እያዞረ፣ እያባበለ፣ ከጣቴ ነጠለ።

«አሁን ጨብጪልኝ፣ ሽንብራ እንደ መዝገን፣ ቀስ ብለሽ በዝግታ።»
ጨበጥሁ።
አጎነበሰብኝ፣ መነጽሩን አንስቶ፣ እስትንፋሱን ገታ።
«ጤነኛ ጣት ሲታጠፍ አቅጣጫው አንድ ነው፣
ለሶላት እንደ ቆመ ረድፍ፣ ሁሉም ወደ ቂብላው።
ያንቺዋ ግን ዞራ
ጎረቤቷ ትከሻ ላይ ተኝታለች፣ ተሻግራ።»
ከጥፍሯ ጫፍ መታ መታ አደረጋት፣
እንደ በር አንኳኩቶ፤
ሕመሙ ከሥሯ «ማነው?» አለ ወጥቶ።

«አጥንት ነው» አለኝ። «ዞሯልም። ይሄ የኔ አይደለም።»
ዝም አለ።
«አንድ ልጅ መጥቶልኝ
ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፤ ኩራቴ ነበረ።
እጁ ቀዘቀዘ፣ ጣቱ ደነዘዘ፣
በሦስተኛው ቀን…» ወደ ግድግዳው ዞረ።
የልጁን ስም አልነገረኝም፤
እኔም አልጠየቅሁም።
ካርቶን ቆርጦ ደገፈኝ፣ በሻሽ አሰረኝ ላላ አድርጎ፣
«አብሽሪ፣ ደሴ ውጪ» አለኝ፣
እስከ መኪናው ሸኘኝ፣ የፊት ወንበር ፈልጎ።

ጠመዝማዛውን ሽቅብ፤ ሙቀቱ ከኋላ ቀረ፣ ጉም ከጦሳ ወረደ።
እጄን ከልቤ ከፍ አድርጌ ይዤ፣ እንደ ተመከርሁት፣
ረዳቱ ሦስት ጊዜ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሾፌሩን አስቆመ፣
ሦስት ጊዜ ሳቅን፤
ሚኒባሱ ሄደ።

ራጁ ላይ እጄን አየሁት፤ ሥጋዬ ጭጋግ ሆኖ
ከአጥንቴ ላይ አንዲት ጭረት፣ ገደድ ብላ፣
በሸማኔ ዓይን አወቅኋት፤ የተበጠሰ ማግ መስላ።
ዶክተር ውብአለም አደነዘዘች፣ ጎተተች፣ አቃናች፣
ጥጥ ጣል አድርጋ በመካከል፣ ከመሃል ጣቴ ጋር አጣምራ አሰረች።
«አንድ ላይ ይታጠፉ፣ አንድ ላይ ይዘርጉ፤
ጎረቤት ነው ጀሶሽ።»

አምስት ሳምንት አለፈ።
ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጨርቅ እየጨመቅሁ
እንደ ኮረፈች ሙሽራ የገተረች ጣቴን ማጠፍ አስተምራለሁ።
ለአያ እብሬ አሳየሁት። ጨበጥሁ፤ ረድፉ ገባ፣
አንዷ ብቻ ዘንበል፣
ዘግይቶ እንደ ደረሰ ሰጋጅ።
«ይበቃታል» አለኝ፤ እጄን ግን ቶሎ አለቀቀም።
ቀለበቱ ከአንጓዋ አያልፍም።
ማግ ሲበጠስ ግን እቋጥራለሁ፤ አራቱ ሲያዋጡ እሷም ታግዛለች።
የሽመናው በር ሥር
መሬማ ድንጋይ አኑራለች።