የበግ ላብ

አባቴ ዳልሚሮ ሱፍ አጣቢ ነበር፣
ሁዋን ላካሴ ላይ፣ ከፋብሪካው ሰፈር።
የሺህ በጎች ጠጉር ገንዳ ውስጥ ሲቀቀል
ቢጫ ስብ ይሰፍፋል፣ ግማቱ የሚገድል።
«የበግ ላብ ነው» ይላል፣ በጣሳ እየቀዳ፣
«ከዝናብ ጋር ታግሎ ሥጋውን ያልከዳ።»

ደረቱ ሳል ወርሶ፣ ወገቡ ቢጎብጥም
መዳፉ የሕፃን ነው፣ ስንጥቅ አያውቀውም።
ካርታ ሲጫወቱ ከብት ነጂ ጓደኞቹ
«ሙሽራዋ መጣች!» ይላሉ፤ በእጆቹ
ይስቃሉ። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤
መንገድ ሲጀምር ግን ኪሱ ይደብቃል።

እናቴ ኒዬቬስ በሐምሌ ውርጭ ሌሊት
ላም ስታልብ ኖራ፣ እጇ ደረቅ መሬት፤
በየስንጥቁ ደም፣ ጨው ሲነካው እሳት።
ዘይትና ውሃ ይላቸው ነበር ሰው፣
እሷ ስትንጣጣ፣ እሱ ዝም የሚለው።

አንድ ንጋት አባቴ በኮቱ ሸሽጎ
መጣ፣ አንድ ቆርቆሮ ያንን ስብ አድርጎ።
ዘይት አሞቀች እሷ፣ የዝናብ ውሃ ጨመረች።
ፈረሰባት። ውሃው ከሥር፣ ዘይቱ ከላይ፤ ተሳደበች።
«ቸኮልሽ» አላት፣ ያ ዝም የሚለው ሰው፤
«ስቡም ውሃ ይጠጣል፤ በጠብታ አጠጪው፣
እንደታመመ ጥጃ ጉንጭ ጉንጩን ስጪው።»

ጠብ። ጠብ። ማንኪያው ዞረ። ክንዷ እስኪዝል ዞረ።
ድንገት ድምፁ ጠፋ፤ ድስት ሙሉው ነጣ፣ ወፈረ።
ዘይቱን ፈለግኩት፣ የለም። ውሃውንም፣ የለም።
አንዱ ባንዱ ሆድ ውስጥ ተኝቷል፤ አልሞተም።

ያን ማታ በገርበብታው በር አሾልቄ አየሁ፦
ኪስ የሚደበቅ እጅ የእሷን ስንጥቅ ሲቀባ።
ሁለቱም ዝም ነበሩ። እሷም! ዞሬ ተኛሁ።

ዛሬ ከተማ ሱቅ ክሬም አንስቼ ሳይ
ከውሃና ከዘይት ታች፣ ስምንተኛው ስም ላይ፣
በደቃቅ ፊደል፦ ላኖሊን።
                    ሳያውቀው ነው የሞተው።
ፋብሪካውን ዕዳ፣ እሱን ሳሉ ዘጋው።

የቀረን አንድ ብልቃጥ። ጫፉ ላይ የጣቱ ጉድጓድ።
እናቴ አትነካውም፣ እጇ እንደገና ቢነድ።
ሁለት ክረምት ቆየ መስኮቱ ደፍ ላይ፤ አልፈረሰም።
ዘይት አላለቀሰም።

በሦስተኛው ሐምሌ ላሚቱ ጡቷ ቆስሎ
ረገጠችው ባልዲውን፤ ወተቱ ተከንብሎ
ፈሰሰ። እናቴ ብልቃጡን መንትፋ፣ እየተንጣጣች፣
«አንቺስ ምን አጠፋሽ?» ብላ አሻራውን በሁለት ጣት ዛቀች፣
ቀባቻት። ላሟም ጆሮዋን ጥላ፣ ቀጥ ብላ ታለበች።

«ወተቱ የበግ ሽታ አለው» አልኳት።
ቀና እንኳ ሳትል «ጠጪው» አለችኝ።
ጠጣሁት።