አሁን ሄደች

አርባ ዓመት ሙሉ ዊብረን፣ ድልድይ ሲያነሣ ኖረ፤
ጀልባው ገና ሳይታይ፣ መምጣቱን ከውሃው እየቀመረ።
ዘንድሮ ማሽን ተካው። ቁልፉን አስረከበና
ካሜራ ገዛ፣ አፈ ረዥም፤ ሽመላ መሳይ፣ ቀና።

ቦቲውን እስከ ጉልበት ስቦ፣ ሸምበቆው መሐል ገባ፤
ሐምሌ ነው፤ የሆላንዱ ረግረግ ነጥቷል በውሃ አበባ።

የውሃ ተርቧ መጣች፤ ሰማያዊ፣ የልብስ ሰፊ መርፌ መሳይ፤
አራቱ ክንፏ አራት ልብ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ።
አየር ላይ ቆመች። ቀጭ!
ሄደች።
ተመለሰች። ቀጭ!
ውሃ ብቻ።

ዊብረን አልተናደደም፤ እንደ ጀልባ ጠበቃት፤
ዞራ የምታርፍባት አንዲት ስብር ሸምበቆ አለቻት።
እሷን ትቶ፣ አነጣጠረ መምጫዋ ላይ፤
ትንኝ ጆሮውን ሲበላው፣ እጁን ሳያነሣ፣ ዝም ብሎ ሲያይ።

ማታ ጎረቤቱ ሲትስከ፣ ስድስት መቶ ፎቶ ቆጥራ፣
ስድስት መቶ ውሃ አየች፣ ሸምበቆው በተራ በተራ።
አንዱ ጋ ስትደርስ ሳቀች፤ «ይኼስ ያው ባዶ አይደለ?»
የሸምበቆዋ ጫፍ ግን ጎንበስ ብሏል፣
ክብደት ገና እንዳልለቀቀው፣ እንደተንጠለጠለ።

ዊብረን ሻዩን አስቀመጠ፤
ድልድዩ ጋ ዘግይቶ ለሚደርስ ሰው ይመልስ እንደነበረው፣
በዚያው ድምፅ፦
«ባዶ አይደለም። አሁን ሄደች።»