ዛሬም የለም

ባሌ ሉቦር ማለት፣
ሠላሳ አንድ ዓመት በኦስትራቫ ምድር ከሰል የቆፈረ፣
ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ደግሞ
ሳሎናችን መሐል፣ ከሶፋዬ አጠገብ፣ ኩሬ የገተረ።

«ከጋና ጅረት ነው» አለኝ፣ «ይሄ ዓሣ፤
ወርቅ ፈላጊ በዝቶ ውሃው ደፈረሰ፣ ጠጠሩ ተነሣ።
እዚያ እያለቀ ነው።
እዚህም ከሞተ ማን ስሙን ያነሣ?»

ሁለት ናቸው፣ ጥንድ፤
ሲክሊድ ይባላሉ፤ ከጣት የማይረዝሙ።
የካፖርቴን ገንዘብ በልተው ነው የመጡት፣ ለኔ መች ይጥሙ!

አራት ዓመት ለፋ።
የባሉጥ ቅጠሉን ዘፍዝፎ ዘፍዝፎ ውሃው ሻይ መሰለ፤
እኔ በብርድ ልብስ ተጀቡኜ ሳድር
ለነሱ ማሞቂያ ቀን ሌሊት ነደደ፣ ቆጣሪው ዘለለ።
የአበባ ሸክላዬን ከነአበባው ሰብሮ፣
«ዋሻ ይሁናቸው» ብሎ ከአሸዋው ላይ አፉን ደፍቶ ተከለ።

ሴቷ ግን ምን ቆርጧት!
ወንዱን ነክሳ ነክሳ ክንፉን ዘነጠለች፤
ዋሻውን ለብቻ ይዛ ተንደላቀቀች።
ማታ ማታ ሉቦር ደብተሩን ያወጣል፤
ቀኑን፣ ሙቀቱንም፤ ከዚያ ከሥር በኩል
«ዛሬም የለም» ይላል።

በየካቲት ወር ላይ ሳንባው እምቢ አለው።
አደራ አላለኝም፤ ቢልማ እንዲያ ሲስል ምን ብዬ ልመልሰው?
ጎረቤቴ ዝዴና «ለሚሻ ስጪና ገንዳውን ሽጪው» አለች።
«ማን ይሻል?» ብላት
ጎንበስ ብላ አይታ፣ ሳትመልስ ሄደች።

ከዚያ የመብራት ሒሳብ መጣ።
ነቀልኩት ማሞቂያውን።
በረንዳ ላይ ባልዲው ዝናብ ሞልቶት ነበር፤
ሳልለካ ሳልሰፍር
ገለበጥኩባቸው ቀዝቃዛውን።
ይሙቱም ብዬ እንደሁ፣ እንጃ።

በሦስተኛው ጧት
የሴቷ ሆድ ቀልቶ፣ የወይን ጠጅ መስሎ፣
ያ ክንፈ ቡትቶ ደጇ ላይ ዘብ ቆሟል፣ አላስጠጋም ብሎ።
የሉቦርን መብራት፣ ጉድጓድ ሲገባ ግንባሩ ላይ የሚያስረውን፣
ከመሳቢያ አውጥቼ፣
በጉልበቴ ወርጄ አበራሁት ሸክላው ውስጥ።

ጣሪያው ላይ!
ዕድሜውን በሙሉ «ጣሪያ ይናዳል» ብሎ ቀና ሲል የኖረ
ይሄን ሳያይ ቀረ፤
የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል ዕንቁላል፣
ተንጠልጥሎ፣ ቁልቁል ተደርድሮ።

እስክሪብቶው ደርቋል። በእርሳስ ጻፍኩለት
ከመጨረሻው «ዛሬም የለም» ሥር፦
ሐሙስ። ጣሪያው ላይ። ብዙ ነው።
ማሞቂያውን ነቅዬው ነበር፤
አትቆጣ።